ለዓመታት የቆመን ሞተር ሳይክል በቤት ውስጥ ማስነሳት፦ መርገጫው ከመረገጡ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ዘጠኝ ዓመት ያህል በመጋዘን የቆመ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። መርገጫው ሲረገጥ ትንሽ ወርዶ ይቆማል። ታንኩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን አለ፤ ባትሪው ሞቷል። አንዱ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ካልሠራኸው አይሆንም ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ቤንዚን ጨምረህ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ገፍተህ አስነሳው ይላል። መጠነኛ የእጅ መሣሪያ አለኝ። ከየት ልጀምር?»

ሁለቱም ምክሮች በቅንነት የተሰጡ ይመስለኛል፤ ሆኖም ሁለቱንም እንዳይከተሉ እመክርዎታለሁ። ይበልጥ አደገኛው ገፍቶ የማስነሳቱ ምክር ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዞ ከሆነ፣ ማርሹ በገባበት ቅጽበት የሞተር ሳይክሉም የገፊውም ኃይል በአንድ ጊዜ ያርፍበታል፤ ያኔ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ይሰበራል፣ ግድግዳውም ይጫራል። ሙሉ በሙሉ መፍታት ደግሞ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያልተነካ ግጥሚያ ያለ ምክንያት ያስከፍታል፤ ጓርኒሲዮን (በግጥሚያዎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀደዳል፣ የዛገ ቡሎን ይቆረጣል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ምኑ ታሞ እንደነበረ ሳይታወቅ ይቀራል። ለዓመታት የቆመ ሞተር ከቆመባቸው ዓመታት ይልቅ ባለቤቱ ለማስነሳት በሚቸኩልባት በመጀመሪያዋ ሰዓት የበለጠ ይጎዳል። ስለዚህ ሥራው አንዱ እርምጃ ስለሚቀጥለው ማስረጃ እንዲሰጥ ሆኖ መደርደር አለበት፤ የሚከፈተውም ማስረጃው «ክፈተው» ያለው ክፍል ብቻ ነው።

የእርስዎ ሞተር ሳይክል ለዚህ አካሄድ የሚመች ነው። ሆንዳ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቫልቮቹ ቴስታው (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው ክፍል) ላይ በተቀመጠ የካም ዘንግና በሰንሰለት ከመንቀሳቀስ ይልቅ በረጃጅም መግፊያ ዘንጎች እንዲንቀሳቀሱ ያደረገው፣ በቂ እንክብካቤ በማያገኝበት ሁኔታም ሳይቸገር እንዲሠራ አስቦ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ምርመራ ሞተሩን ሳይከፍቱ ከውጭ ይሠራል።

ሥራውን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድርጉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ስለዚህ በአቅራቢያው ምድጃ፣ ሲጋራም ሆነ ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ አይኑር። ለነዳጅ እሳት የሚሆን ማጥፊያ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የገመዶቹና የቱቦዎቹ አካሄድ ከሳምንት በኋላ ከአእምሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን ቤንዚን ማስወገድ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍሉ ይጠፋል፣ የቀረውም ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫና ቫርኒሽ መሰል ዝቃጭ ይሆናል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ከኢታኖሉ ጋር ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣልና የታንኩን ታች ያዝገዋል። የቆየውን ቤንዚን ሽታው ብቻ ያጋልጠዋል፤ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል፣ የሚኮመጥጥ ሽታ አለው። ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ ለመጠቀም አይሞክሩ። ታንኩን ከነመክፈቻው አውርደው በሚከደን ዕቃ ያፍስሱት፤ የካርቡሬተሩንም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ሳህን ከታች ባለው ማፍሰሻ ብሎን ባዶ ያድርጉት። ከዚያ በባትሪ መብራት የታንኩን ውስጥ ይመልከቱ። ስስ፣ ቡናማ የዝገት ሽፋን ብቻ ከሆነ በሲትሪክ አሲድ ወይም በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጽዳት ይቻላል፤ አሲዱ ከወጣ በኋላ ግን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ካልታጠበና ወዲያው በሞቀ አየር ካልደረቀ፣ የተገለጠው ብረት በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይዝጋል። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ጨምረው ውስጡ እንዲቀባ ያገላብጡት። ቀዳዳ ያለውን ታንክ በቤት ውስጥ ለመበየድ አያስቡ፤ ባዶ የሚመስል ታንክ በትነት የተሞላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ትንሽ ወርዶ ወደሚቆመው መርገጫ እንምጣ። በመጀመሪያ ማርሹ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) መሆኑን ያረጋግጡ፤ የኋላ ጎማው በነጻ መዞር አለበት። ቀጥሎ ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል) ይፍቱ፤ ነገር ግን ከመፍታትዎ በፊት በዙሪያው ያለውን አፈርና አሸዋ በብሩሽና በንፋስ ያጽዱ፤ ካልጸዳ ካንዴላው ሲወጣ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ካንዴላው አልፈታ ካለ አያስገድዱት፤ ሥሩ ላይ ዝገት የሚያላላ ዘይት አድርገው ያሳድሩት፤ አልሙኒየም ላይ ያለ ጥርስ በጉልበት ይበላሻል። ካንዴላው ከወጣ በኋላ መርገጫውን በእጅዎ ቀስ ብለው ይግፉት። ሙሉውን መንገድ ከሄደና ከቀዳዳው ፈሳሽ ከተተፋ፣ ፒስተኑ አልተጣበቀም ማለት ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ወይም ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ይህ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው መርፌ ቤንዚኑን መዝጋት አቅቶት ለወራት ወደ ሞተሩ ሲያንጠባጥብ የሚሆን ነው፤ ያኔ የሞተሩ ዘይት ከመጠኑ በላይ ከፍ ብሎና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይገኛል። ፈሳሽ የታመቀበትን ሞተር በጉልበት መርገጥ የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል፤ ካንዴላውን መጀመሪያ የምናወጣበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ካንዴላው ወጥቶም መርገጫው ከቆመ፣ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዟል ብሎ መገመት ይቻላል። በካንዴላው ቀዳዳ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን፣ ናፍጣና የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት እኩል በእኩል የተቀላቀለ ወይም ለዚሁ የተሠራ ዝገት የሚያላላ ዘይት ይጨምሩና ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍነው ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ሦስትና አራት ቀን ቢቆይ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ፈሳሹ እየቀነሰ ሲሄድ በፋሻው ዙሪያ እያለፈ ነውና ይጨምሩበት። ከዚያ የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ሞተር ሳይክሉን በማዕከላዊው ማቆሚያ ያቁሙት፣ ከፍተኛውን ማርሽ ያስገቡ፣ ጎማውንም በሁለት እጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ ይወዝውዙት። ከፍተኛው ማርሽ የሚመረጠው ጎማውን በትንሽ ጉልበት በማዞር ሞተሩን ማንቀሳቀስ የሚቻለው በዚያ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰዎች የግራውን ክዳን ከፍተው ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በያዘው ዳዶ ላይ ቁልፍ አድርገው ያዞራሉ፤ ይህ ሞተር ግን ከግራ ሲታይ የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ በመሆኑ፣ በዚያ አቅጣጫ በኃይል ማዞር ዳዶውን ራሱን ይፈታዋል።

የምትጠብቁት ነገር አንድ ትልቅ መላቀቅ መሆን የለበትም። ጎማው መጀመሪያ የካቴናውን ላላ ክፍተት ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ከዚያ የጣት ስፋት ያህል የሚያልፍ፣ እንደ ማስቲካ የሚስብ እንቅስቃሴ በእጅ ይሰማል። እዚህ ላይ ወደ ፊት መግፋቱን አይቀጥሉ፤ ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ዘይት ይጨምሩ፣ እንደገና ይወዝውዙ። ዝገቱ ዱቄት ሆኖ በፋሻውና በግድግዳው መካከል ስለሚገኝ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መግፋት ያንን ዱቄት ግድግዳው ላይ መፍጨት ነው። ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ ማርሹን ወደ ፎሌ መልሰው፣ የካንዴላውን ቀዳዳ በጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎንም አርቀው መርገጫውን ደጋግመው ቀስ ብለው ይጫኑ፤ የቆሸሸው ፈሳሽ ይውጣ። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ቡናማ ዱቄት እየቀነሰ ሄዶ ንጹሕ ዘይት ብቻ ሲሆን ግድግዳው በአብዛኛው ጸድቷል። ሳምንት ሙሉ በዘይት ርሶም ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ግን ቴስታውንና ሲሊንደሩን ማንሳት የግድ ነው፤ መዶሻ አይታሰብ።

ሞተሩ በነጻ ከዞረ አሮጌውን ዘይት ያውጡ። የወተት ቡና መልክ ካለው ውሃ ገብቷል፤ በጣት መካከል ሲታሽ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካለበት ደግሞ ሞተሩ ከመቆሙ በፊትም ጤነኛ አልነበረም። የዘይቱን ወንፊት አውጥተው ይጠቡ። የሚጨምሩት አዲስ ዘይት ለሞተር ሳይክል የተሠራና ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለው ይሁን፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ የፍሪሲዮን ሸራዎቹ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ሰበቃን ለመቀነስ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት እንዲንሸራተቱ ያደርጋቸዋል። ይህ የመጀመሪያ ዘይት ማጠቢያ ነውና ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ እንደገና ይለወጣል። አዲሱን ዘይት ከጨመሩ በኋላ ካንዴላው እንደወጣ መርገጫውን ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይርገጡ። ለዓመታት የደረቁት ኩሽኔታዎች ዘይት የሚያገኙት ፖምፓው ሲዞር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት ነው። የቴስታውን ክዳን ይክፈቱና ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ሁለቱም ቫልቮች እየወረዱ የሚመለሱ መሆናቸውን በዓይን ይመልከቱ፤ ወርዶ የማይመለስ ቫልቭ በዝገት ወይም በቤንዚን ሙጫ ተይዟል፤ በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ማዞር ከተቀጠለ ወደ መታጠፍ ይሄዳል። በግንዱ ላይ ዝገት የሚያላላ ዘይት እያደረጉ በዝግታ ያላቅቁት። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ በእመቃው (ቤንዚንና አየሩ በሚታመቅበት ምት) መጨረሻ ላይ ሆኖ፣ የቮላኖው «ቲ» ምልክት ከመጠቆሚያው ሲገጥም ነው፤ በሲጂ 125 ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው ስስ ብረት በትንሹ እየተያዘ መውጣትና መግባት አለበት። ብዙ ሰዎች ድምፅ እንዳይሰማ ብለው ሬጅስትሮውን (የክፍተቱን ማስተካከያ) ያጠብቁታል፤ ጥቂት መንቋቋት የሚሰማው ቫልቭ ግን በደንብ መዝጋት አቅቶት ከሚቃጠለው ይሻላል።

የእመቃ መለኪያ መዋስ ከቻሉ አሁን ይጠቀሙበት። የነዳጅ መስጫውን (በእጅ የሚጠመዘዘውን) ሙሉ በሙሉ ከፍተው ካልረገጡ መለኪያው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። የዚህ መጠን ጤነኛ ባለ አራት ምት ሞተር በአብዛኛው ከ10 ባር ከፍ ያለ ያሳያል፤ ከ7 በታች ከሆነ ይጠርጥሩ። ያኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ ጉድለቱ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ላይ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮቹ አልገጠሙም። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር በመጀመሪያው ልኬት ዝቅ ቢል ግን ወዲያው አይፍረዱበት፤ የተጣበቀ ፋሻ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። ሞተሩን ልክፈት ወይስ አልክፈት የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው ከሞቀ በኋላ በሚደረግ ሁለተኛ ልኬት ነው።

ብልጭታውን ለማየት አዲስ ካንዴላ በኮፍያው ላይ ሰክተው የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያገናኙ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ይርገጡ። ካንዴላው ከብረት ሳይገናኝ መርገጥ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በሚሠሩት ሞዴሎች ማቀጣጠያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሰማያዊና ድምፅ ያለው ብልጭታ ከታየ ይህ ምዕራፍ ተዘጋ። ካልታየ ከቀላሉ ይጀምሩ፦ የማጥፊያውና የቁልፉ ማብሪያ በእርግጥ ክፍት ናቸው? አይጥ ገመድ አልበላም? የካንዴላውን ኮፍያ ነቅለው የወፍራሙን ገመድ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡና መልሰው ያጥብቁት፤ ጫፉ ውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፑንቲናው (ኮረንቲውን እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው ክፍል) ነው። ሁለቱ የሚነካኩ ጫፎች ለዓመታት ሳይሠሩ ሲቀሩ ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃሉ፤ በመካከላቸው በጣም ስስ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም ንጹሕ ወረቀት አሳልፈው ያጽዷቸው፣ ክፍተቱንም በሰፊው ሲከፈት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። የሞተውን ባትሪ በተመለከተ፣ ማቀጣጠያው ከቮላኖው በቀጥታ የሚመገብ ከሆነ ሞተሩ ያለ ባትሪም ይነሳል፤ ከባትሪ የሚመገብ ከሆነ ግን ሌላ ይፈልጉ። አሮጌው ሞዴል ባለ 6 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት አሮጌው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ካርቡሬተሩ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ካንዴላም ባትሪም ተለውጦ ያልነሳ የቆመ ሞተር ምክንያቱ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ይልቅ እዚህ ይገኛል። አውጥተው ውጫዊውን አካል በመጀመሪያ ይጠቡ። የሳህኑ ብሎኖች ለመስቀል ካቻቢቴ የተሠሩ ቢመስሉም የጃፓን ደረጃ የሚከተሉ ናቸውና ተራው ካቻቢቴ እየዘለለ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል፤ በልኩ የሚገጥም ያግኙ። ሳህኑ ሲከፈት አረንጓዴ ቅርፊት ወይም ማር የመሰለ ዝቃጭ ያገኛሉ። የሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ቅልቅል ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ስንት ዙር ሲሄድ ቀስ ብሎ እንደሚቀመጥ ቆጥረው ይጻፉ፤ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ መቀመጫውን ይጎዳል።

ዋናው ጉዳይ ትንሹ ጂግለር (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ናስ) ነው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። አውጥተው ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይያዙትና ባንድ ዓይን ይመልከቱበት፤ ፍጹም ክብ የሆነ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት። ነጥቡ ጎዶሎ ወይም ጠርዙ ሻካራ ከሆነ፣ ወይም ምንም ካልታየ፣ በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፈው በንፋስ ያስወጡት። የብረት ሽቦ አያስገቡበት፤ ናሱ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይሰፋል፣ ከሰፋ በኋላ ደግሞ ቤንዚን የሚበዛበት ሞተር ይዘው ይቀራሉ። ጂግለሩን ብቻ አጽድቶ መመለስ በቂ አይደለም፤ ቤንዚኑና አየሩ በአካሉ ውስጥ የሚያልፉባቸው ቀጫጭን መንገዶችም መጽዳት አለባቸው። ማጽጃውን ባንዱ ቀዳዳ ሲነፉ በሌላው መውጣቱን እያዩ ሁሉንም ይፈትሹ፤ ፈሳሹ ባልጠበቁት አቅጣጫ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባልና መነጽርዎን አያውልቁ። የጎማ ክፍሎቹን ከማጽጃው በፊት ያውጡ። ተንሳፋፊውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት አረፋ የሚወጣ ከሆነ ተበስቷል። መርፌው ጫፉ ላይ ክብ የመብላት ምልክት ካለው ይለውጡት፤ ሲሊንደሩን በቤንዚን የሚሞላው እሱ ነው።

መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ክፍል ይፈትሹ፤ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተቀመጠ ከሆነ ተጨማሪ አየር ያስገባና ሞተሩ ቢነሳም ሚኒሞ አይይዝም። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በእጅ ሲነካ ሊፈርስ ይችላል፤ ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ አዲስ ያስገቡ። የማርሚታውንም ጫፍ በመብራት ይመልከቱ፤ አይጥና ተርብ ጎጆ ይሠሩበታል።

አሁን ማስነሳት ይቻላል። ዋናውን ታንክ ትተው ከካርቡሬተሩ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ትንሽ ዕቃና ንጹሕ ቱቦ ጥቂት አዲስ ቤንዚን ይስጡት፤ የታንኩ ችግር ካለ ከዚህ ሙከራ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ይህ የግድ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ቾኩን ይዝጉ፣ ሁለት ሦስቴ ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ከዚያ ቁልፉን ከፍተው በእርጋታ ሙሉውን ይርገጡ። ሲነሳ ነዳጅ አብዝተው አያስጩኹት። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ወፍራም ሰማያዊና ነጭ ጭስ ሲሊንደሩ ውስጥ የጨመሩት ዘይት ስለሆነ በደቂቃዎች ይቀንሳል። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ነፋስ ነውና ቆሞ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አይተዉት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አጥፍተው ያቀዝቅዙትና ይድገሙ፤ ወይም የቤት ማራገቢያ ከፊቱ ያስቀምጡ። ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ከሆነ ትንሹ ጂግለር ገና አልጸዳም፤ ካርቡሬተሩ እንደገና ይውረድ። ሞተሩ ሞቆም ሰማያዊ ጭስ ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል።

ሞተሩ እየሠራ ማርሽ ከማስገባትዎ በፊት ስለ ፍሪሲዮኑ ይጠንቀቁ። ሸራዎቹ ለዓመታት ተጣብቀው ስለሚቆዩ፣ እጀታው ተይዞም ማርሽ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሊዘል ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከፍተኛ ማርሽ ገብቶ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ተይዞ፣ ሞተር ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ ካላላቀቁት በቀር አንደኛ ማርሽ አያስገቡ። በዚህም ካልተላቀቀ የቀኙን ክዳን ከፍቶ ሸራዎቹን አንድ በአንድ መለየትና በዘይት ነክሮ መመለስ ከባድ ሥራ አይደለም።

መነሳቱ ግን ለመንዳት ፈቃድ አይሰጥም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ምንም እንዳያቃልሉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሁለቱንም ጎማዎች አውርደው ታምቡሮቹን ይክፈቱ። የቆየ የፍሬን ሸራ ውፍረት እያለውም ከተለጠፈበት ብረት ሊላቀቅ ይችላል፤ ከተላቀቀ ደግሞ በጉዞ ላይ ጎማውን ይቆልፈዋል። ጠርዙን በጥፍርዎ ይሞክሩት፣ ስንጥቅ ካለ ይለውጡ። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በንፋስ አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉት። የፊት ፍሬኑ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ ለዓመታት ውሃ ሲስብ ኖሯል፤ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።

ስለ ጎማ የጥርሱ ጥልቀት አያታልልዎ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ በጎኑ ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 2314 ማለት በ2014 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ባለ ሦስት አሃዝ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ወይም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ከካላማዳሪውና ቸርኬው ላይ ከሚዞረው የጎማ ቀበቶ ጋር ይለወጥ። ካቴናው የማይታጠፉ መገጣጠሚያዎች ካሉት ወይም ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች ጫፍ እንደ መንጠቆ ከተጣመመ ካቴናና ጥርስ አብረው ይለወጣሉ። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ ፈጥኖ ካልተመለሰ ገመዱ ውስጡ ዝጓል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ቀስ ብለው ከዳር ዳር ያዙሩ፤ መካከል ላይ የሚይዝ ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ጉድጓድ አበጅቷል።

የመጀመሪያው ጉዞ መኪና በማይበዛበት ቦታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሁን። ሲመለሱ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ዘይቱን ያውጡ፤ በውስጡ የተንሳፈፈው ቆሻሻ አብሮ እንዲወጣ የሞቀ መሆን አለበት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የቫልቩን ክፍተት፣ የቡሎኖቹን ጥብቀትና የካቴናውን ላላነት ደግመው ይለኩ። ከጥቂት እንዲህ ያሉ ጉዞዎች በኋላ እመቃውን እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለና ጭሱ ከጠፋ ሞተሩን ሳይከፍቱ ሥራው ተፈጽሟል። ቁጥሩ እንደ ወረደ ከቀረና በዘይት ሲሞከር ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ያኔ ሲሊንደሩን አንስቶ ፋሻውንና ግድግዳውን መለካት ተገቢ ይሆናል፤ ያንን ልኬት ይላኩልኝና ከፋሻ ለውጥና ከሲሊንደር ማስፋት የትኛው እንደሚያስፈልግ አብረን እንወስናለን።